አንደኛው ሸክላ የቱ ነው?

የሙዚቃ ወዳጆች ሁለት ሆነው ከተቀመጡ ሦስተኛው ሳይደርስ ክርክር መነሣቱ የታወቀ ነው። ክርክሩ ስለ ቅኝት ወይም ስለ ስንኝ ምጣኔ ቢሆን ኖሮ ለዕውቀት በጠቀመ ነበር፤ ነገር ግን ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ስለ ደረጃ ነው። ከዘፋኞች አንደኛው ማን ነው? ከሸክላዎቹስ የሚበልጠው የትኛው ነው? ከአንዱ ሸክላ የፊቱ ዘፈን ይሻላል ወይስ የጀርባው? ሦስተኛው ሰው ሲመጣ ዳኛ እንዲሆን ይለመናል፤ እርሱም የራሱን ዝርዝር ይዞ የመጣ ስለሚሆን ዳኝነቱ ገና ከመሰማቱ ይሻራል። በዚህ ክርክር ወዳጅነት ሲላላ፣ አልፎ አልፎም ትዳር ሲቀዘቅዝ ታይቷል ቢባል እምብዛም ማጋነን አይሆንም።

ክርክሩ ቀላል ጨዋታ ይምሰል እንጂ በውስጡ የታሪክ ጥያቄ አለ። አድማጩ የሚያወዳድረው የተዘፈነውን ሁሉ ሳይሆን ታትሞ የተረፈውን ብቻ ነው። ምን ታተመ፣ ማን አሳተመ፣ ምንስ ሳይታተም ቀረ የሚለውን የወሰኑት ደግሞ ዐዋጅ፣ እስር ቤት፣ ስደትና ሰዓት እላፊ ናቸው። ስለዚህ የተወዳጅ ሸክላዎችን ታሪክ ለመጻፍ የተነሣ ሰው ሳይወድ በግዱ ስለ ሞትና ስለ ፖሊስም ይጽፋል።

የመጀመሪያው ቦታ በዕድሜ ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ተወዳዳሪ የለም። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ ጀርመን አገር የተላኩት የአውቶሞቢልን ሙያ እንዲማሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1908 በርሊን ሳሉ ግን ድምፃቸውን በሸክላ አስቀረጹ፤ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ወደ ሸክላ ዓለም የገባበት በር ይኸው ነው። መንግሥት ለመካኒክነት ልኮ ዘፋኝ ተቀበለ ማለት ነው። የዚያ ዘመን አውቶሞቢሎች ዝገው ካለቁ ብዙ ዘመን ሆኗል፤ የነጋድራሱ ድምፅ ግን አንድ መቶ ዓመት ካለፈው በኋላ እንደገና ታትሞ ይሰማል። ልጃቸው ይድነቃቸው ተሰማ ለአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንትነት የበቁ ሰው ነበሩና፣ ስለ ደረጃ መከራከር የማይሰለቻቸው ሁለት ወገኖች፣ የሙዚቃም የኳስም ወዳጆች፣ ለአንድ ቤተሰብ ባለ ዕዳ ሆነው ይኖራሉ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ድምፅ የነሐስ ነው። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ የአርመን ልጆች የሙዚቃ ጓድ ሲጫወት ሰሙ። ልጆቹ በኦቶማን ግዛት ከተፈጸመው ፍጅት የተረፉ ወላጅ አልባዎች ነበሩ። አልጋ ወራሹም አርባዎቹን አዲስ አበባ አስመጧቸው፤ ስማቸውም «አርባ ልጆች» ተባለ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን እስከ አብዮቱ ዘመን ድረስ ያገለገለውን የብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሱ። መዝሙሩ ኢትዮጵያ ደስ እንዲላት የሚያዝ ነው። አገርን ደስ ይበልሽ ብሎ የማዘዙ ሥራ፣ ከደስታ ድርሻ ባልደረሳቸው ሕፃናት አስተማሪ እጅ መውደቁ የታሪክ ቀልድ ነው ብንል፣ ቀልዱ የሚያስቅ አይደለም። ከዘመናዊው ሙዚቃችን የነሐስ ድምፅ ውስጥ አንዳች የሐዘን ቅሬታ አለ የሚሉ አድማጮች አሉ። ይህን ለቅኝታችን እንጂ ለአርባዎቹ ልጆች መስጠት ይከብደኛል፤ ሆኖም ሐሳቡ ፈጽሞ ከንቱ አይደለም።

የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1948 በወጣ ዐዋጅ ደግሞ ሸክላ ከውጭ የማስገባትና በአገር ውስጥ የማሳተም መብት ለዚሁ ማኅበር ብቻ ተሰጠ። ማኅበሩ ለቴአትርና ለባህላዊ ጨዋታ የዋለው ውለታ ትልቅ ነው፤ በሸክላ በኩል ግን መብቱን አጥብቆ ያዘ እንጂ ብዙም አላሳተመበትም። የላም ወተት እንዳይደፋ ላሟን አለማለብ የሚባል ዘዴ ቢኖር ይህ ነበር። በዚሁ ዘመን ታላላቆቹ የሙዚቃ ጓዶች የክቡር ዘበኛ፣ የምድር ጦርና የፖሊስ ሠራዊት ስለ ነበሩ፣ ዘፋኙ ደረጃውን ከአድማጭ ከማግኘቱ በፊት ከመዝገብ ቤት ያገኘው ነበር። በፍቅር መንደዱን ለሕዝብ የሚገልጸው ሰው በማግሥቱ ተሰልፎ ስሙ ይጠራል።

የዚህን ነገር ክብደት ያየው ጥላሁን ገሠሠ ነው። (አንባቢ ይቅርታ ያድርግልኝና ለዘፋኞቻችን አንቱታ አልጠቀምም። አማርኛችን አንተ የሚለው ፈጣሪን፣ ሕፃንንና እጅግ የሚወደውን ሰው ነውና ክብር እንደ መንፈግ አይቆጠርብኝ።) በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክቡር ዘበኛ አዛዥ የነበሩት ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ፤ ሙከራውም በደም ተደመደመ። ዘፋኙ የክቡር ዘበኛ ባልደረባ ነበርና ታሰረ። ከዚያ ወዲያ አድማጩ እርሱን የሚሰማበት ጆሮ ተለወጠ። «አልቻልኩም» የተባለው ዘፈን የፍቅር ዘፈን ነው፤ ግን ሕዝቡ ያልቻለው ማን እንደ ሆነ፣ ምኑን እንዳልቻለው የየራሱን ትርጉም ሰጠው። የሰምና ወርቅ ልጅ የሆነ ሕዝብ በፍቅር ስንኝ ውስጥ ወርቅ ሲፈልግ ብርቅ አይደለም። ሰሙን የምታውቅ ሴት አለች ቢባል እንኳ ወርቁን የሚፈራ ሹም አይጠፋም።

ነገራችን ወደ ተወዳጆቹ ሸክላዎች የሚደርሰው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። ሙዚቃ ቤት የነበራቸው ወጣቱ አቶ አምኃ እሸቴ ዐዋጁ እያለ ዐዋጁን ጥሰው ማሳተም ጀመሩ። ኋላ እንደ ተናገሩት ስሌታቸው አጭር ነበር፦ ለዚህ ብሎ የሚገድለኝ የለም፤ ቢበዛ ለጥቂት ጊዜ እታሰራለሁ። በሙዚቃ ንግድ ታሪክ ከዚህ የበለጠ ግልጽ የሆነ የወጪና የገቢ ሒሳብ መኖሩን እጠራጠራለሁ። የመጀመሪያው ዘፋኛቸው ዓለማየሁ እሸቴ ሆነ፤ ሸክላውም ሕንድ አገር ተሄዶ ታተመ። እሸቴ የሚል የአባት ስም በሙዚቃችን መባቻዎች ላይ መደጋገሙ አጋጣሚ እንጂ ዝምድና አይደለም። ኅትመቱ ቆይቶ ወደ ሊባኖስ ተዛወረ። እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ድረስ 103 ትንንሽ ሸክላዎችና 12 ትልልቅ ሸክላዎች ወጡ። በዚያው ዓመት ሊባኖስ በእርስ በርስ ጦርነት ተቃጠለች፤ በዚህም አገር አሳታሚው አብዮቱን ሽሽት ወደ አሜሪካ ሄዱ። ማተሚያውና አሳታሚው በአንድ ዓመት ጠፉ ማለት ነው። አቶ አምኃና ዓለማየሁ ያረፉትም በአንድ ዓመት፣ በ2013 ዓ.ም. ነው።

ከአምኃ ቤት ሌላ የካይፋና የፊሊፕስ ሸክላዎች አሉ። እዚህ ላይ የክርክሩ እሳት ይጋጋማል። ከካይፋ ቤት የወጣው የማሕሙድ አሕመድ «እረ መላ መላ» በብዙዎች ዝርዝር ከሁለተኛ ዝቅ ብሎ አያውቅም፤ እኔም ዝቅ አላደርገውም። ሸክላው የወጣው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። ዘፋኙ መላ የጠየቀው ለልቡ ነበር፤ ንጉሡ ከዙፋን ወርደው፣ መሬት ተወርሶ፣ ተማሪው ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ በየገጠሩ ተበትኖ ሳለ ግን መላ ያልጠየቀ ቤት አልነበረምና ዘፈኑ የሁሉም ሆነ።

የፊሊፕስ ወዳጆች በበኩላቸው ጌታቸው መኩሪያን ያቀርባሉ። ጌታቸው ሽለላንና ፉከራን ከጀግና አፍ አውጥቶ በሳክስፎን ያስገባ ሰው ነው። ይህን ሸክላ ከምግብ በፊት ማሰማት አይገባም የሚል ቀልድ አዘል ምክር አለኝ፤ ሰው ገድያለሁ የሚል መሣሪያ ፊት ተቀምጦ በሰላም መጉረስ ያስቸግራልና። የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኖ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። እማሆይ በፋሽስት ወረራ ጊዜ ከቤተሰባቸው ጋር ወደ ጣሊያኗ አሲናራ ደሴት ተግዘዋል። እ.ኤ.አ. በ1967 በጀርመን አገር ያሳተሙት ሸክላ ገቢ ለወላጅ አልባ ሕፃናት መርጃ ዋለ። በ2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው በኢየሩሳሌም ገዳም ዐርፈዋል። ደረጃ ይውጣላቸው ማለት ለመነኩሴ እንግዳ ነገር ስለሚሆን ከውድድሩ ውጪ ማድረጉን እመርጣለሁ።

የሰዓት እላፊው ዘመን ለብቻው መጽሐፍ ይገባዋል። በደርግ ዘመን ሌሊት በመንገድ ላይ መገኘት ለሕይወት ያሰጋ ነበርና በየሆቴሉ ሙዚቃ ሊሰማ የገባ ሰው እስኪነጋ ከዚያው ያድራል። ባንዱም እንዲሁ። አዳማጭ አልወደድኩትም ብሎ የማይወጣበት፣ ተጫዋችም ደከመኝ ብሎ የማያቆምበት መድረክ በዓለም ላይ ብዙ ያለ አይመስለኝም። አዲስ አበባ ውስጥ በቀይ ሽብር ወራት ከአዳራሹ በር እስከ ቤት ባለው መንገድ ላይ ንጋት የሚያሳየውን ነገር የዚያ ዘመን ሰው አይረሳውም፤ ማታ የተጨፈረው ጭፈራና ጧት የታየው አስከሬን በአንድ ትዝታ ውስጥ ተጣብቀው ቀርተዋል። የዋልያስ ባንድ «ቼ በለው» የተባለው ትልቅ ሸክላ የታተመው በዚሁ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። ፈረስን ቼ ማለት ወደ ፊት ማስጋለብ ነው፤ ወዴት እንደሚጋለብ ሸክላው አይናገርም፤ የሚዘፍን ሰው የለበትምና። በቃል ያልተነገረ ነገር ለሳንሱር ስለማይመች በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረ ሙዚቃ በዚያ ዘመን ያለ ስጋት ኖሯል። ብዙም ሳይቆይ ካሴት መጥቶ የሸክላን ኅትመት አስቀረ።

የባንዱ ኦርጋን ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1981 ከባንዱ ጋር ወደ አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ። ለብዙ ዓመታት በዋሽንግተን ታክሲ ነዳ፤ ተሳፋሪ እስኪመጣ በአየር ጣቢያው ተራ ሲጠብቅም በመኪናው ውስጥ የኤሌክትሪክ ፒያኖውን ይለማመድ ነበር። ባህር ዳር ከአንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ እጅ የገባች አሮጌ ካሴቱ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ስትታተም ወደ መድረክ ተመለሰ። ነጋድራስ ተሰማ ለመኪና ሙያ ሄደው በሙዚቃ ተመለሱ ብለናል፤ ኃይሉ ለሙዚቃ ሄዶ በመኪና ኖረ። ዘፋኝ፣ ፒያኖ ተጫዋችና አቀናባሪው ግርማ በየነም ከዚሁ ጉዞ ቀርቶ በዚያች ከተማ ቤንዚን ማደያ ሠርቷል። በየሸክላው ጀርባ ያለ እጁ እጅግ ብዙ ሲሆን፣ በድምፁ የተቀረጸው ግን በጣት የሚቆጠር ነው። የእኛ ተከራካሪዎች ግን ዘፋኝ እንጂ አቀናባሪ ደረጃ አያወጡም፤ ይህ የዝርዝሮቻችን ዋናው ጉድለት ይመስለኛል።

የውጭ አገር አድማጭ በክርክሩ የገባው ዘግይቶ ነው። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ የማሕሙድን ሸክላ እ.ኤ.አ. በ1984 ሰምቶ ተደነቀ፤ በ1986 ብራሰልስ ላይ ዳግመኛ ታተመ። በዘጠናዎቹ መጨረሻ ደግሞ «ኢትዮፒክስ» የተባሉት ተከታታይ ጥራዞች በፓሪስ መውጣት ጀመሩ። ያሳተማቸው ኩባንያ ስሙ ቡዳ ነው። በሌላው ቋንቋ ምንም ይሁን ምን፣ እናቶቻችን ይህን ቢሰሙ ኖሮ ለዘፋኞቹ ሁሉ ክታብ ባሰሩላቸው ነበር። እውነቱን ለመናገር ይህ ቡዳ የበላውን ሳይሆን የተረሳውን መለሰልን። ዝርዝሩ ግን ሁለት ሆነ። በውጭ አገር አንደኛው ሙላቱ አስታጥቄ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2005 በአንድ የአሜሪካ ፊልም ውስጥ ሙዚቃው ከተሰማ ወዲህ ደግሞ ቦታው ጸና። በአገር ቤት አንደኛው ጥላሁን ነው፤ ቃሉን የማይሰማ አድማጭ ጥላሁንን በግማሹ ብቻ ያገኘዋልና ልዩነቱ አያስገርምም። ጥላሁን በ1985 ዓ.ም. አንገቱን በስለት ተወግቶ ተረፈ፤ ዘፈነም። ኋላም በስኳር በሽታ እግሩን አጥቶ ተቀምጦ ዘፈነ። ያረፈው ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. በፋሲካ ዕለት ነው፤ በዶሮ ወጥ ፊት የተለቀሰበት ፋሲካ እርሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ነገር ግን የጥላሁን የወጣትነት ድምፅ፣ እኔ ከሁሉ የማስበልጠው፣ በአብዛኛው የሸክላ አይደለም። የክቡር ዘበኛ ዘመን ሥራዎቹ የተሰሙት በመድረክና በራዲዮ ነበር፤ ዐዋጁ በርትቶ ሸክላ ባልነበረበት ጊዜ የዘፈነውን ከሸክላ ዝርዝር ውስጥ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው።

የብዙነሽ በቀለ ዕጣ ከዚህ የከፋ ነው። ብዙነሽ የክቡር ዘበኛ ዘፋኝ ነበረች፤ ከወንዶቹ ጋር በአንድ መድረክ ቆማ በድምፅ አቅም ከማንኛቸውም አላነሰችም። የውጭ ጸሐፊዎች ሊያመሰግኗት ሲፈልጉ የኢትዮጵያ አሪታ ፍራንክሊን ይሏታል፤ አሪታ ፍራንክሊንን የአሜሪካ ብዙነሽ ያላት ሰው እስካሁን አልሰማሁም። ያረፈችው እ.ኤ.አ. በ1990፣ የሸክላዎቹ ዳግም ኅትመት ገና ሳይጀመር ነው። በኢትዮፒክስ የመጀመሪያዎቹ 30 ጥራዞች ማሕሙድ፣ ዓለማየሁና ሌሎችም በየስማቸው ታትመዋል፤ አስናቀች ወርቁም ከነክራሯ አንድ ጥራዝ አላት። ለብዙነሽ ለብቻዋ የተሰጠ ጥራዝ የለም። ድምፅዋን የሚሻ ሰው የሌሎቹን ጥራዞች ገዝቶ፣ ከዚህ አንድ ከዚያ ሁለት እያለ መልቀም አለበት።