ፎርትራን ከታች፣ አር ከላይ

እ.ኤ.አ. በሜይ 1976 በኒው ጀርሲ፣ በቤል ቤተ ሙከራ፣ ጆን ቼምበርስና ባልደረቦቹ አንድ ንድፍ ሣሉ። በእጃቸው ለስታቲስቲክስ ሥራ የተከማቸ ሰፊ የፎርትራን ፕሮግራሞች ስብስብ ነበር፤ ይሁን እንጂ መረጃውን አንዲት ቀላል ጥያቄ ለመጠየቅ የሚሻ ተመራማሪ በየጊዜው አዲስ የፎርትራን ፕሮግራም መጻፍ ነበረበት። በንድፉ ላይ የፎርትራኑ ስሌት በመካከል ተቀመጠ፤ ዙሪያውን ደግሞ ተመራማሪው በቀጥታ የሚነጋገርበት ሌላ ቋንቋ ከበበው። ያ ቋንቋ በኋላ ኤስ ተባለ። ሮስ ኢሃካና ሮበርት ጄንትልማን በ1990ዎቹ መጀመሪያ በኒውዚላንድ፣ በኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ የጀመሩት፣ ዛሬም ብዙዎቻችን በየመሥሪያ ቤታችን የምንጠቀምበት አር የዚሁ የኤስ ወራሽ ነው።

የሁለቱ ቋንቋዎች ጠባይ ለየቅል ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 ከአይቢኤም የወጣው ፎርትራን እያንዳንዱ ተለዋዋጭ ሙሉ ቁጥር ይሁን አስርዮሽ፣ ስሌቱ ከመጀመሩ በፊት እንዲታወቅ ይፈልጋል። (ጸሐፊው ሳይነግረው ቢቀር ከስሙ የመጀመሪያ ፊደል ተነሥቶ ይፈርድ ነበር፤ ከ«አይ» እስከ «ኤን» ባሉት የላቲን ፊደላት የሚጀምር ስም ሁሉ ሙሉ ቁጥር ነው።) ዓይነቱ አስቀድሞ ስለሚታወቅ ኮምፓይለሩ ፕሮግራሙን ወደ ፈጣን የማሽን ትእዛዝ ይለውጠዋል። ኤስና አር ግን በር ላይ መታወቂያ አይጠይቁም። አንድ ስም ጠዋት ቁጥር፣ ከሰዓት በኋላ ጽሑፍ ሊይዝ ይችላል። ጥያቄው ገና ላልጠራለት ተመራማሪ ይህ ነጻነት ትልቅ ነገር ነው።

ይህን ጥምረት የቴክኒክ ጉዳይ ብቻ አድርጎ ማየት የተለመደ ነው፤ እኔ ግን በዋነኛነት የዋጋ ታሪክ ሆኖ ይታየኛል። ፎርትራን በተወለደበት ዘመን የማሽን ሰዓት እጅግ ውድ ስለነበር ማንኛውም አዲስ ቋንቋ በእጅ ከተጻፈ የማሽን ኮድ ጋር በፍጥነት መፎካከር ነበረበት። ከዚያ ወዲህ የስሌት ዋጋ ያለማቋረጥ ሲወድቅ፣ በአንጻሩ የባለሙያ ሰዓት ተወደደ። ቲሲኤል የተባለውን የስክሪፕት ቋንቋ የፈጠረው ጆን ኡስተርሃውት እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ክፍሎቹ በጥብቅ ቋንቋ ይሠሩ፣ ማያያዣው ግን በስክሪፕት ይሁን ብሎ ሲከራከር በከፊል የቆመው በዚህ ለውጥ ላይ ነበር። የሰው ጉልበት ሲወደድ ጉልበት ቆጣቢ መሣሪያ እንደሚስፋፋ የኢኮኖሚ ታሪክ አንባቢ ያውቃል። የሚያስገርመው ጥብቁ ቋንቋ አለመጥፋቱ ነው። ዛሬም በአር ተራ ሪግሬሽን ስንሠራ ቁጥሩን የሚፈጨው ከ1970ዎቹ የሊንፓክ ስብስብ የተወረሰ የፎርትራን ኮድ ነው።

አደጋው የሚገባው በላይኛው በር ነው። ታችኛው ክፍል የተሰጠውን በትክክል ያሰላል፤ የተሰጠው ትክክለኛው ቁጥር መሆኑን ግን አይጠይቅም። እስከ 2020 ድረስ አር ከፋይል በሚያነበው ዓምድ ውስጥ ጽሑፍ ካጋጠመው ዓምዱን በሙሉ ወደ «ፋክተር»፣ ማለትም ወደ ምድብ መለያ፣ ይለውጠው ነበር። ከሺህ ደመወዞች በአንዱ ቦታ «አልታወቀም» የሚል ቃል መኖሩ ይበቃል። ተመራማሪው ይህን ሳያስተውል ዓምዱ ወደ ቁጥር እንዲመለስለት ሲያዝ የሚያገኘው ደመወዙን ሳይሆን የምድቡን ተራ ቁጥር ነው፤ 5,200 የነበረው 41 ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ማስጠንቀቂያ የለም፤ ስሌቱ ያልቃል፤ ሠንጠረዡም ያምራል። ልማዱ የተቀየረው እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2020 በወጣው አር 4.0.0 ነው።

ጥብቅነት ወደ ላይኛው ክፍል መመለስ መጀመሩ ስለዚህ አያስደንቅም። ፓይተን እ.ኤ.አ. በ2015 በ3.5 እትሙ፣ የወደደ ዓይነትን አስቀድሞ የሚያመለክትበትን ሥርዓት ተቀብሏል። የበጀት ወይም የዕርዳታ ውሳኔ የሚመረኮዝበትን ትንተና የሚያዘጋጅ ቡድን አሰሳውን በልሉ ቋንቋ ቢያደርግ አልቃወምም፤ መረጃው የሚገባበት በር ግን ጥብቅ ጠባቂ ያስፈልገዋል።

ጠባቂው ራሱ ምን እንዲጠይቅ እንደታዘዘ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ፋይሎች የትውልድ ቀንን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይዘዋል። ወሩ ከ1900 መጀመሪያ አንሥቶ የተቆጠረ አንድ ሙሉ ቁጥር ነው፤ ወደ ጎርጎርዮሳዊው ለመለወጥ 92 ወር ይደመርበታል። በጥናቱ ውስጥ ብቻ ለሚሠራ ሰው ይህ አያስቸግርም፤ ዕድሜ የሁለት ኢትዮጵያዊ ቀኖች ልዩነት ስለሆነ በትክክል ይወጣል። ችግሩ ሕፃኑን ከተወለደበት ወቅት የዝናብ መረጃ ጋር ስናጣምር ይመጣል። መደመሩ ከተረሳ፣ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2003፣ በዚያ በከባዱ የድርቅ ወቅት የተወለደ ሕፃን ከሜይ 1995 ዝናብ ጋር ይጣመራል፤ ድርቅ በሕፃናት ዕድገት ላይ ያለው ጉዳትም በሠንጠረዡ ላይ ሊሳሳ፣ ከናካቴውም ሊጠፋ ይችላል። ለፎርትራንም ለአርም ሁለቱ ወሮች ሙሉ ቁጥሮች ናቸውና ሁለቱም ያለ ጥያቄ ያልፋሉ። በጥብቅ ቋንቋ «የኢትዮጵያ ወር» እና «የጎርጎርዮስ ወር» የሚሉ ሁለት የተለያዩ ዓይነቶች ለመፍጠር ግን ጥቂት መስመሮች ይበቃሉ፤ ከዚያ በኋላ 92 ሳይደመር ሁለቱን ለማጣመር የሚሞክር ፕሮግራም ሥራውን ሳይጀምር ይቆማል።