ዜሮው የት ይተከል? የማመሳከሪያ ኤሌክትሮዶች ታሪክ

የብረታ ብረትን የኤሌክትሮድ ፖቴንሺያል የሚዘረዝር ሰንጠረዥ የገለጠ መሐንዲስ፣ በፖዘቲቭና በኔጌቲቭ ቍጥሮች መካከል አንድ ዜሮ ያገኛል፤ ይኸውም የሃይድሮጅን ነው። ይህ ዜሮ በተፈጥሮ የተገኘ ሳይሆን፣ በጀርመን አገር በአንድ መምህርና በቀድሞ ረዳቱ መካከል ከተነሣ ክርክር በኋላ በስምምነት የተተከለ መሆኑን ግን ሰንጠረዡ አይናገርም።

አንድ ብረት በፈሳሽ ውስጥ ሲጠልቅ በብረቱና በፈሳሹ መካከል የኤሌክትሪክ ግፊት ልዩነት ይፈጠራል። ይህን ለመለካት የቮልትሜትሩ ሁለተኛ ሽቦ ወደዚያው ፈሳሽ መግባት አለበት፤ እንደ ገባም ራሱ ሌላ ኤሌክትሮድ ይሆናል። ስለዚህ መሣሪያው የሚያሳየው ምንጊዜም የሁለቱን ልዩነት እንጂ የአንዱን ብቻ አይደለም።

በላይፕሲግ ያስተምር የነበረው ቪልሄልም ኦስትዋልድ ከዚህ አዙሪት መውጫ እንዳገኘ ያምን ነበር። ፈረንሳዊው ጋብርኤል ሊፕማን እ.ኤ.አ. በ1873 እንዳሳየው፣ በቀጭን የመስታወት ቱቦ ውስጥ ከአሲድ ጋር የሚገናኝ ባዜቃ የኤሌክትሪክ ግፊቱ ሲለወጥ የገጹ ውጥረትም ይለወጣል፤ ባዜቃውም በቱቦው ውስጥ ከፍና ዝቅ ይላል። ውጥረቱ ከሁሉ የሚበልጥበት አንድ ነጥብ አለ። በዚያ ነጥብ ላይ የባዜቃው ገጽ ምንም ቻርጅ ስለማይሸከም፣ በባዜቃውና በፈሳሹ መካከል ያለው ልዩነትም ዜሮ ነው ተብሎ ተገመተ። ኦስትዋልድም ከዚህ ተነሥቶ፣ ከባዜቃና ከካሎሜል የተሠራውንና ኖርማል የፖታሲየም ክሎራይድ ፈሳሽ ያለበትን ኤሌክትሮድ 0.56 ቮልት ነው ሲል ወሰነ። ካሎሜል የባዜቃ ክሎራይድ ሲሆን በውሃ እምብዛም ስለማይሟሟ፣ ኤሌክትሮዱ ግፊቱን ሳይለውጥ ብዙ ጊዜ ይቆያል። መሣሪያው በእርግጥ ግሩም ነበር፤ ያልጸናው የተሰጠው ቍጥር ነው። ቻርጅ በሌለው ገጽ ላይም ቢሆን የውሃ ሞለኪዩሎች ወደ አንድ ወገን ዞረው ሊሰለፉ ይችላሉ፤ እንደ አዮዳይድ ያሉ አዮኖችም በባዜቃው ላይ ስለሚጣበቁ ነጥቡ ራሱ ከጨው ወደ ጨው ይንቀሳቀሳል።

ቫልተር ኔርንስት በላይፕሲግ የኦስትዋልድ ረዳት የነበረ፣ ፖቴንሺያልን ከፈሳሹ ጥንካሬ ጋር የሚያያይዘውን ቀመርም እ.ኤ.አ. በ1889 ያወጣ ሰው ነው። በ1900 ጎቲንገን ሆኖ ያቀረበው ሐሳብ ግን ከፍልስፍና ይልቅ ወደ ቀያሽ ሥራ የሚቀርብ ነበር፦ የተራራ ከፍታ ከባሕር ወለል እንደሚለካ ሁሉ፣ የሃይድሮጅን ኤሌክትሮድ ዜሮ ይባልና ሌላው ሁሉ ከእርሱ ይለካ። በዚህ ሚዛን የኦስትዋልድ ካሎሜል 0.28 ቮልት ይሆናል። አንድ ኤሌክትሮድ፣ ሁለት ቍጥር! በ1901 ክርክሩ በጀርመን የፊዚካል ኬሚስትሪ መጽሔት ላይ ቀጠለ፤ ውሎ አድሮም የኔርንስት ሐሳብ ረታ።

ኦስትዋልድን ግትር ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ጥያቄው ከንቱ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1986 ጣሊያናዊው ሰርጅዮ ትራሳቲ ለዓለም አቀፉ የኬሚስትሪ ኅብረት ባዘጋጀው ሰነድ፣ በቫኩም ውስጥ ያለ ኤሌክትሮን መነሻ ሲደረግ የሃይድሮጅን ኤሌክትሮድ 4.44 ቮልት ላይ እንደሚውል ተመልክቷል።

የረታው ኤሌክትሮድ ለሥራ አስቸጋሪ ነው። ጥቁር ፕላቲነም የለበሰ ፕላቲነም፣ ንጹሕ ጋዝ፣ የታወቀ ግፊት ያስፈልገዋል፤ ጥቂት የሰልፈር ወይም የአርሴኒክ ውሁድ ሲነካውም ይበላሻል። ስለሆነም ዜሮነቱ ለሃይድሮጅን ተሰጥቶ የዕለት ሥራው በካሎሜል ላይ ቀረ። በፖታሲየም ክሎራይድ የጠገበው ካሎሜል በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 0.241 ቮልት ነው። የባዜቃ መርዛማነት አሳሳቢ ከሆነ ወዲህ በብዙ ላቦራቶሪዎች የብር ክሎራይድ ኤሌክትሮድ ቦታውን ወስዷል፤ የእርሱ ደግሞ 0.197 ቮልት ነው።

በዜሮው ከተስማሙ በኋላም የምልክቱ ነገር ቀርቶ ነበር። አሜሪካዊው ዌንደል ላቲመር እ.ኤ.አ. በ1938 ባሳተመው ታዋቂ መጽሐፍ ዚንክ +0.76 ሲሆን፣ በአውሮፓ −0.76 ይባል ነበር። ይህ የተቋጨው በ1953 በስቶክሆልም በተደረገው ጉባኤ ሲሆን፣ የጸናው የአውሮፓው ምልክት ነው።

ከላቦራቶሪ ውጭ ጉዳዩ የገንዘብና የአደጋ ጉዳይ ይሆናል። በኒው ኦርሊንስ ይሠራ የነበረው መሐንዲስ ሮበርት ኩን፣ የተቀበሩ የጋዝ ቧንቧዎችን ከዝገት ለመጠበቅ ኤሌክትሪክ ሲልክባቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1928 አንድ ልክ ለሙያ ጓደኞቹ አቀረበ፦ −0.85 ቮልት። ልኩ የተወሰነው በመዳብ ሰልፌት የጠገበ ውሃ ውስጥ ከገባ የመዳብ ዘንግ አንጻር ነው። ይህ ኤሌክትሮድ ርካሽ ነው፤ በእርጥብ አፈር ላይ ቢያቆሙት ይሠራል፤ ቢሰበርም አያሳዝንም። ከሃይድሮጅን 0.316 ቮልት ያህል ከፍ ይላል። እንግዲህ የኩን −0.85 በሃይድሮጅን −0.53፣ በጠገበ ካሎሜል ደግሞ −0.78 ገደማ ነው።

በመዝገቡ ላይ የኤሌክትሮዱ ስም ካልተጻፈ ይህ ሁሉ ይደበላለቃል። በካሎሜል ለክቶ −0.78 ያነበበ ተቆጣጣሪ ቧንቧው ሳይጠበቅ የቀረ መስሎት ኃይሉን ይጨምራል፤ ከመጠን ያለፈው ኃይልም የቧንቧውን ሽፋን ከብረቱ ያላቅቃል። −0.78ን እንደ በቂ ልክ ተቀብሎ በመዳብ ሰልፌት የሚለካ ደግሞ 70 ሚሊቮልት የጎደለውን ቧንቧ ደኅና ነው ብሎ መዝግቦ ይሄዳል፤ ብረቱ ከመሬት በታች መበላቱን ይቀጥላል። ስሙ ተጽፎም ቢሆን የኤሌክትሮዱ አያያዝ ቸል አይባልም፤ የመዳብ ሰልፌቱ ቱቦ በፀሐይ ብርሃን ሲመታ ንባቡ በአሥሮች በሚቈጠር ሚሊቮልት ሊዛባ ስለሚችል፣ ልምድ ያላቸው የመስክ ሠራተኞች ብርሃን የሚያስገባውን ክፍል በጥቁር ፕላስተር ይጠቀልሉታል።