ሙያዊ ትስስር

ሙያዊ ትስስር፣ በተለምዶ አጠራሩ ኔትወርኪንግ፣ አንድ ሰው በሙያው ዙሪያ ካሉ ሰዎች ጋር ትውውቅ መሥርቶ መረጃ፣ ምክርና ድጋፍ የሚለዋወጥበት የረጅም ጊዜ ግንኙነት ነው። ትስስሩ ከክፍል ጓደኞች፣ ከመምህራን፣ ቀድመው ከተመረቁ ተማሪዎች ወይም በሥራ ዓለም ካሉ ባለሙያዎች ጋር ሊሆን ይችላል። ይህ መጣጥፍ ጉዳዩን በሰሜን ወሎ ዞን ከሚገኙት ከወልድያ፣ ከመርሳና ከሀብሩ ወረዳ ሁኔታ ጋር አያይዞ ያቀርባል።

የሐሳቡ መነሻ

አሜሪካዊው የሥነ ማኅበረሰብ ተመራማሪ ማርክ ግራኖቬተር በ1973 እ.ኤ.አ. ስለ ደካማ ትስስሮች ጥንካሬ ባሳተመው ጽሑፍ ይታወቃል። በቦስተን አቅራቢያ በምትገኘው ኒውተን ሥራ የቀየሩ ባለሙያዎችን ሲጠይቅ፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አዲሱን ሥራ በሚያውቁት ሰው በኩል እንዳገኙት ተረዳ። ከእነዚህም ውስጥ መረጃውን የሰጣቸውን ሰው አዘውትረው ያገኙት የነበሩት ከ100 ወደ 17 ብቻ ናቸው። የቀሩት አልፎ አልፎ ወይም ከስንት አንዴ የሚያገኙት ሰው ነበር።

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» የሚለው አባባል ለችግር ቀን እውነት ነው። ለአዲስ መረጃ ግን የሩቁ ሰው ይበልጥ ሊጠቅም ይችላል። ምክንያቱም አብረው የሚውሉ ወዳጆች የሚሰሙት ወሬ አንድ ዓይነት ሲሆን፣ ሌላ ቦታ የሚውል ሰው ግን እነርሱ ያልሰሙትን ይሰማል። በ2022 እ.ኤ.አ. በሊንክድኢን ተጠቃሚዎች ላይ የተደረገ ሰፊ ጥናትም ሥራ ለመቀየር ይበልጥ የሚረዳው በጣም ቅርብም በጣም ሩቅም ያልሆነ ትውውቅ መሆኑን አሳይቷል።

በወሎ ያለው መሠረት

ቃሉ አዲስ ይሁን እንጂ ልማዱ ነባር ነው። ወንፈል ገበሬዎች በየተራ አንዳቸው ለሌላው የሚሠሩበት ልማድ ሲሆን፣ የአንድ ቀን ጉልበት የተቀበለ ያንኑ ይመልሳል። ዕቁብ ገንዘብን በየተራ ያዳርሳል። በሌሎች አካባቢዎች እድር የሚባለው የመረዳጃ ማኅበር በወሎ ቅሬ ይባላል። የሦስቱም ሕግ አንድ ነው፦ የሚቀበል ሰው ይሰጣል። ሙያዊ ትስስርም በዚሁ ሕግ ይቆማል። ልዩነቱ ቅሬ በሰፈር ሰዎች መካከል ሲሆን፣ ሙያዊ ትስስር ከሰፈርና ከከተማ ውጭ መሻገሩ ነው።

በወልድያና በሀብሩ ያሉ በሮች

ወልድያ ከአዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። እንደ አይስአዲስ ያሉ የቴክኖሎጂ ማዕከላት ደግሞ በዋና ከተማዋ ይገኛሉ። ስለዚህ የአካባቢው ተማሪ በቅርቡ ካሉት ተቋማት መጀመር ይኖርበታል።

በ2004 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ወልድያ ዩኒቨርሲቲ በመርሳ የግብርና ትምህርት የሚሰጥበት ካምፓስ አለው። በመርሳና በወልድያ መካከል፣ በሀብሩ ወረዳ፣ የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ይገኛል። ጊራና-1 የተባለው የማሽላ ዝርያ የወጣው ከዚህ ማዕከል ነው። ለግብርና ተማሪ ተመራማሪዎቹ የነገ የሥራ ባልደረቦች ሊሆኑ ይችላሉ። ለኮምፒውተር ተማሪም የምርምር ውሂብን ማደራጀት ወይም ለገበሬ የሚሆን መተግበሪያ መሥራት መተዋወቂያ ይሆናል። ኢንተርንሺፕ የሚባለው የሥራ ላይ ልምምድም ተማሪው ስለ ራሱ ከመናገር ይልቅ ሥራውን የሚያሳይበት ጊዜ ነው።

አሠራሩ

ለማያውቁት ባለሙያ የሚጻፍ መልእክት አጭር ቢሆን ይመረጣል። «እርስዎ» በሚል አክብሮት ተጽፎ ሦስት ነገር ይይዛል፦ ጸሐፊው ማን እንደሆነ፣ የተቀባዩን የትኛውን ሥራ እንደሚያውቅና በጥቂት ደቂቃ ሊመለስ የሚችል አንድ ጥያቄ። «ሥራ ፈልጉልኝ» ብሎ መጀመር በሩን ይዘጋል። «ወደዚህ ሙያ እንዴት ገቡ?» የሚለው ጥያቄ ግን ውይይት ይከፍታል። ምክሩን ከሠሩበት በኋላ ውጤቱን መልሶ መንገር ብዙዎች የሚረሱት፣ ትውውቁን ግን የሚያቆየው እርምጃ ነው። ተማሪም የሚሰጠው አያጣም፤ ያገኘውን የሥራ ማስታወቂያ ማካፈል፣ ለታናናሾቹ ማስጠናት ወይም የሠራውን ኮድ በጊትሃብ ለሁሉም ክፍት ማድረግ ይችላል።

ከአድልዎ ያለው ልዩነት

ብዙ ተማሪዎች ትስስርን «በሰው ከመግባት» ጋር አንድ አድርገው ያዩታል። ሥጋቱ መሠረት አለው፤ በዘመድ የሚሰጥ ቦታ የሌላውን ተወዳዳሪ መብት ይነጥቃል። መለያው የሚተላለፈው ነገር ነው። ማስታወቂያ መጠቆም፣ ማመልከቻ ማረም ወይም ስለ አንድ ሰው ሥራ እውነቱን መመስከር ትስስር ነው። ውድድሩን አልፎ ቦታውን መስጠት አድልዎ ነው። ትውውቅ ብቃትን አይተካም፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች የሚወስዱት የመውጫ ፈተናም በትውውቅ አይታለፍም።

መቋረጥና መልሶ መጀመር

ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት በህወሓት ኃይሎች ቁጥጥር ሥር ቆይታ፣ የዩኒቨርሲቲው ንብረት ተዘርፏል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ በቴሌግራምና በሊንክድኢን ብቻ የቆመ ትውውቅ አብሮ ይቋረጣል። ስለዚህ የመምህራንን፣ የአሠሪዎችንና የተመራቂዎችን ስልክ በደብተር መያዝ፣ እንዲሁም በአካል መገናኘትን አለመተው፣ ከመስመር ላይ ትስስር ጋር ጎን ለጎን የሚሄድ ልማድ ነው።