ከሩፈይዳ ድንኳን እስከ ጎንደር ሆስፒታል፦ ህመምተኛን መዘየር ሙያ የሆነበት ታሪክ



ከአምባ ጊዮርጊስ ወደ ጎንደር የሚወርደውን መንገድ የማያውቅ የወገራ ሰው የለም። ለገበያም፣ ለትምህርትም፣ ለህክምናም የሚኬድበት መንገድ ነው። በአካባቢው ያልተቻለ ህመም "ሪፈር" ተጽፎለት ጎንደር ይገባል። ሐኪሙ ደሙን ይመረምራል፣ ነርሷ መርፌውን ትወጋለች። ነገር ግን ሰውየው ሌላም ጥያቄ ይዞ ነው የተኛው። አልጋ ላይ ሆኜ እንዴት ልስገድ? ውሃ መንካት ካልቻልኩ ተየሙም ይበቃኛል? ስኳር እያለብኝ ረመዳንን ልጹም? ብሞትስ ማን ያጥበኛል? አስታማሚው ልጅ ከእሱ የበለጠ አያውቅም፤ የሰፈሩ ኢማም ደግሞ ወገራ ቀርቷል።

ይህን ክፍተት ለመሙላት ዛሬ በዓለም ላይ ራሱን የቻለ ሙያ አለ። "ቻፕሊን" ይባላል። በሆስፒታል፣ በእስር ቤት፣ በጦር ሰራዊትና በዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሰዎችን በመንፈስ የሚደግፍ፣ የሰለጠነ አገልጋይ ማለት ነው። ስሙ የመጣው ከቤተ ክርስቲያን ቢሆንም ሥራው ለእኛ እንግዳ አይደለም።

በኸንደቅ ዘመቻ ሰዕድ ኢብኑ ሙዓዝ (ረ.ዐ) በቀስት ቆሰሉ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በቅርብ ሊዘይሯቸው ስለፈለጉ መስጂዱ ውስጥ ድንኳን ተተከለላቸው። ቁስለኞችን ታክም የነበረችው ሩፈይዳ አል-አስለሚያህ ተንከባከበቻቸው። ነቢዩም ጠዋት ሲያልፉ "እንዴት አደርክ?"፣ ማታ ሲያልፉ "እንዴት አመሸህ?" እያሉ ይጠይቋቸው እንደነበር ተዘግቧል። ያገለግላቸው የነበረ አንድ አይሁዳዊ ልጅ ሲታመምም ሄደው ዘይረውታል። በኋላም ሱልጣን ቀላውን እ.ኤ.አ. በ1284 ካይሮ ላይ ያሠሩት ታላቅ ቢማርስታን ሀብታምና ድሃ፣ ወንድና ሴት ሳይለይ ያክም ነበር። ወጪው የሚሸፈነው በወቅፍ ነበር።

ታዲያ ዚያራ እንዴት ወደ ዲግሪና ወደ ክሊኒክ ልምምድ ደረሰ? ታሪኩ የሚጀምረው በአሜሪካ ነው። አንቶን ቦይሰን የሚባል የፕሮቴስታንት አገልጋይ እሱ ራሱ የአእምሮ ህመምተኛ ሆኖ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። ሲሻለው በማሳቹሴትስ ግዛት በሚገኘው የዉስተር የአእምሮ ሆስፒታል ቻፕሊን ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1925 የነገረ መለኮት ተማሪዎችን እዚያው አምጥቶ ከህመምተኞች ጋር እንዲውሉ አደረገ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ መጽሐፍ እንደሚነበብ ሁሉ የሰው ሕይወትም በጥንቃቄ መነበብ አለበት። በዚያው ዓመት ሐኪሙ ሪቻርድ ካቦት የሃይማኖት ተማሪዎች እንደ ህክምና ተማሪዎች በክሊኒክ እንዲለማመዱ ሐሳብ አቀረበ።

ከዚህ የተወለደው ሥልጠና ክሊኒካል ፓስቶራል ኤጁኬሽን ይባላል። አንዱ ክፍል ቢያንስ 400 ሰዓት ይወስዳል። ሰልጣኙ ህመምተኛውን ይዘይራል፤ ከዚያ የተነጋገሩትን ከትውስታው ቃል በቃል ይጽፋል። ጽሑፉን በአሰልጣኙና በጓደኞቹ ፊት ያነባል። የት ላይ ሰውየውን አቋረጠው? የት ላይ ፈርቶ ወሬ ለወጠ? የት ላይ ሳይጠየቅ ሰበከ? ይህ ሁሉ ይወጣል። በአሜሪካ የምስክር ወረቀት ያለው ቻፕሊን ለመሆን የማስተርስ ደረጃ ትምህርት፣ አራት እንዲህ ያሉ ክፍሎች ማለትም 1,600 ሰዓት፣ በተጨማሪም የራስ እምነት ማኅበረሰብ የሚሰጠው የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋል።

ሙስሊሞች ወደዚህ መስክ በሰፊው የገቡት ዘግይተው ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 አብዱረሺድ ሙሐመድ በአሜሪካ ጦር የመጀመሪያው ሙስሊም ቻፕሊን ሆኑ። ከዚያ በኋላ ምሁሯ ኢንግሪድ ማትሰን እ.ኤ.አ. በ1834 በተመሠረተው የሃርትፎርድ ሴሚናሪ የእስልምና ቻፕሊንነት የድኅረ ምረቃ ፕሮግራም አቋቋሙ። የክርስቲያን አገልጋዮች ማሰልጠኛ የነበረው ተቋም ፊቅህና ቁርኣን ከክሊኒክ ልምምድ ጋር የሚሰጥበት ሆነ። በሩፈይዳ ድንኳን የጀመረውን ሥራ በዘመናችን ወደ ዩኒቨርሲቲ ያስገባችውም ሴት መሆኗን እህቶቻችን ልብ ይበሉ።

ወደ አገራችን እንመለስ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 21 የታሰረ ሰው ከትዳር ጓደኛው፣ ከቅርብ ዘመዱ፣ ከሐኪሙና ከሕግ አማካሪው ጋር የሃይማኖት አማካሪውም እንዲጎበኘው መብት ሰጥቶታል። በር ተከፍቷል ማለት ነው። በበሩ የሚገባው ሰው ግን ሰልጥኖ መግባት አለበት።

ጎንደር ለዚህ እርሾ አላት። ሙስሊሞቿ በ17ኛው ክፍለ ዘመን በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲኖሩ ተወስኖባቸው፣ እስላም ቤት በኋላም አዲስ ዓለም በተባለው ሰፈር ኖረዋል። ከሦስት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም.፣ በዚያችው ከተማ የጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ኮሌጁ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የሳኒተሪ ባለሙያዎችን በቡድን አድርጎ ገጠር እያወጣ ያሰለጥን ነበር። የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ መነሻው ይህ ነው። ባለሙያ ከክፍል ወጥቶ ሰው መሐል እንደሚሠራ ይህች ከተማ ከቦይሰን ተማሪዎች ብዙም ሳትርቅ አውቃለች።

የእኛም ደረሳ ቤት የራሱ እርሾ አለው። ደረሳ ሸይኹ እግር ሥር ተቀምጦ ያነባል፣ ሲሳሳት ይታረማል፣ ሲበቃ ኢጃዛ ይሰጠዋል። የጎደለው የህመምተኛው አልጋ ነው። ኪታቡን በልቡ የያዘ ልጅ እያለቀሰች ያለች እናት ፊት ሲቆም ፈትዋ ይቸኩላል፤ እሷ ግን ምናልባት የምትፈልገው የሚሰማት ሰው ነው። ነርሲንግ፣ ሳይኮሎጂ ወይም ሶሻል ወርክ የተማረው ወጣት ደግሞ ማዳመጥ ይችላል፤ ስለ ተየሙም ሲጠየቅ ግን ዝም ይላል። እነዚህ ሁለት ወጣቶች በአንድ ከተማ እየኖሩ አይተዋወቁም።

ስለዚህ ሥራው ከማስተዋወቅ ይጀምራል። አንድ መስጂድ አምስት ደረሳና አምስት የጤና ተማሪ ይምረጥ። ከሆስፒታሉ ጋር ተነጋግረው በፈቃድ ይዘይሩ። የህመምተኛውን ስም ሳይጠቅሱ፣ ምስጢሩን ጠብቀው፣ በሳምንት አንድ ቀን ኡስታዙና ባለሙያው ባሉበት ዚያራቸውን ይገምግሙ። ዲግሪው ኢንሻአላህ ከዚያ ይከተላል። እስከዚያ ድረስ ከአምባ ጊዮርጊስ የወረደው ህመምተኛ ጠዋት "እንዴት አደርክ?" የሚለው ሰው ያገኛል።

አላህ ለህመምተኞቻችን ሁሉ ሺፋ ይስጥልን። አሚን!