ሌሊት ቧንቧ የሚያዳምጡ ሰዎች

እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ በእንግሊዟ ሊቨርፑል፣ ከተማው ሁሉ ከተኛ በኋላ ረጅም የብረት ቁልፍ የተሸከሙ የውኃ ሠራተኞች በየሰፈሩ ይዞሩ ነበር። በየደጃፉ መሬት ውስጥ ያለውን የውኃ መዝጊያ ይፈልጉና የቁልፉን አንድ ጫፍ እሱ ላይ ተክለው በሌላው ጫፍ ጆሯቸውን ያስጠጋሉ። ብረቱ ውስጥ ሹሹታ ከተሰማ እዚያ ቤት ውኃ እየፈሰሰ ነው። መዝጊያውን ዘግተው ሰዓቱን ይመዘግቡና ወደ ጎረቤት ያልፋሉ።

ያሰማራቸው የከተማዋ መሐንዲስ ጆርጅ ዲከን ነው። በ1873 የሠራው የብክነት ቆጣሪ በሰዓት ኃይል በሚዞር ከበሮ ላይ የፍሰቱን መጠን በእርሳስ ያሰምራል። ቀን ላይ መስመሩ ይወጣል ይወርዳል፤ ሰው ይቀዳል፣ ያጥባል። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግን ማን ይቀዳል? በዚያ ሰዓት እርሳሱ ወደ ታች አልወርድ ብሎ ቀጥ ያለ መስመር ከሳበ፣ ያ ሁሉ የሚባክን ውኃ ነው። አንድ የሚያፈስ ቤት በተዘጋ ቁጥር መስመሩ አንድ ደረጃ ዝቅ ይላል። ጠዋት ወረቀቱን ከሌሊቱ መዝገብ ጋር ማስተያየት ብቻ ነው የሚቀረው።

ጣጣውን ያመጣው ግፊት ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የእንግሊዝ ከተሞች ውኃ የሚያገኙት በፈረቃ ነበር፤ በሳምንት ጥቂት ቀን፣ ለጥቂት ሰዓት። ለአዲስ አበባ ሰው ይህን ማብራራት አያስፈልግም። የዚያን ዘመን የቧንቧ መዝጊያ ሩብ ዙር የሚዞር ሾጣጣ የነሐስ ውታፍ ነው። ለደካማ ውኃ በቂ ነበር። ግፊቱ ሲበረታ ግን ጉዱ ወጣ፦ ውታፉ ድንገት ሲዘጋ እየጋለበ የመጣው ውኃ መሄጃ አጥቶ መስመሩን ይደበድበዋል፣ መጋጠሚያ ያላቅቃል። ውኃው ይዞት የሚመጣው አሸዋ ደግሞ ነሐሱን ይፍቀውና ማንጠባጠብ ይጀምራል።

መሐንዲሱ ቶማስ ሃውክስሊ በ1831 ለኖቲንግሃም ቀን ከሌሊት የማይቋረጥ፣ ግፊት ያለው ውኃ ማቅረብ ሲጀምር፣ እንዲህ ያለው አሠራር ውኃውን ሁሉ ያስባክናል ባዮች ጥቂት አልነበሩም። እሱ ግን ዕቃው ደህና ከሆነ አይባክንም ባይ ነበር። ደህናው ዕቃ በ1845 ከሮዘርሃም መጣ። ጌስት ኤንድ ክራይምስ የተባለው የነሐስ ፋብሪካ፣ በጥርስ እየተሽከረከረ ወርዶ ውኃ መውጫውን በክብ ቁራጭ ቆዳ የሚደፍን ቧንቧ ሠራ። ቀስ ብሎ ስለሚዘጋ መስመሩን አይደበድብም። ከሁሉ ብልሃት የሚመስለው ግን ሌላ ነው፦ የሚያልቀው ነሐሱ ሳይሆን በሳንቲም የሚለወጠው ቆዳ ሆነ። ቆዳው በኋላ በጎማ ተተካ፤ ዛሬም በብዙ ቤት ያለው ይኸው ነው።

ሊቨርፑል ራሷ ከ1857 ጀምሮ ሃውክስሊ ከሠራው የሪቪንግተን ግድብ ብትጠጣም፣ ብክነቱ በርትቶ ወደ ፈረቃ ተመልሳ ነበር። ዲከን የሌሊት ዘመቻውን የከፈተው ያልተቋረጠ ውኃ ለመመለስ ነው።

አዲስ አበባ ግፊትን ያወቀችው ስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ወደ አፄ ምኒልክ ግቢ በዘረጋው ቧንቧ ነው። ከተማዋ ተዳፋት ናት፤ እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ፣ አቃቂ 2,100 ሜትር ገደማ። ውኃ 10 ሜትር በወረደ ቁጥር ግፊቱ አንድ ባር ያህል ይጨምራል፤ ለቤት ዕቃ ደግሞ ከሁለት እስከ አራት ባር ይበቃዋል። በመሀል ያሉት ማጠራቀሚያዎች ቁልቁለቱን ባይቆራርጡት ኖሮ ታች ሰፈር አንድም ቧንቧ ባልተረፈ ነበር።

ሌሊት ደግሞ ቀጂው ስለሚቀንስ በየመስመሩ ያለው ግፊት ይጨምራል። ቀን ደርቆ የዋለ፣ ሳይዘጋ የተረሳ ቧንቧ እኩለ ሌሊት ላይ ሳሎኑን የሚያጥለቀልቀው በዚህ ምክንያት ነው። የሚያንጠባጥበውን በጡንቻ የሚያጠብቅ ሰው ጎማውን ይቆርጠዋል እንጂ አያድነውም። በሴኮንድ አንዴ የምትወርድ ጠብታ ግን ከብክነቷ ድምጿ ይበልጣል። ዋናው ብክነት ያለው ሽንት ቤት ውስጥ ድምፅ ሳያሰማ በሚፈሰው ማጠራቀሚያና ከቆጣሪው ወዲህ በተቀበረው መስመር ላይ ነው። ግፊቱ አራት እጥፍ ሲሆን ከአንድ ቀዳዳ የሚወጣው ውኃ እጥፍ ይሆናል፤ ከቆጣሪው ቀጥሎ የምትገጠም የግፊት መቀነሻ ግፊቱንም የሚባክነውንም ውኃ ትቀንሳለች።