የአንኮበር በርና የኮምፒዩተር ቁልፍ

«ኮምፒዩተሬን ሰርጎ ገብ እንዳይደርስበት ምን ላድርግ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ባገኘሁ ቁጥር ሐሳቤ ወደ ሰሜን ሸዋ ይሄዳል። በር ስለ መዝጋት፣ ገቢና ወጪን ስለ መቆጣጠር የደብረ ብርሃንንና የአንኮበርን ነገሥታት ያህል የተጨነቀ ብዙ አላውቅም። የት ላይ እንደ ተሳካላቸው፣ የት ላይ እንዳልተሳካላቸውም ተጽፎ ቆይቶልናል።

እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የዘመናቸውን የመጨረሻ ዓመታት ያሳለፉት ደብረ ብርሃን ላይ ነው። ዜና መዋዕላቸው እንደሚለው፣ አስማተኞች ይመቀኙኛል ብለው ስለ ሰጉ ካህናት ሌትና ቀን እየተፈራረቁ በግቢው ውስጥ ዳዊት ይደግሙ፣ ጸበልም ይረጩ ነበር። ዛሬ ጸረ ቫይረስ የምንለው ፕሮግራም ሥራው ከዚህ ብዙም አይርቅም፤ ሳያርፍ ይዞራል፣ ይመረምራል። ንጉሡ ግን ነገር አቅራቢዎችን ሰምተው የገዛ ልጆቻቸውን ሳይቀር ክፉኛ ቀጥተዋል። ጸረ ቫይረሱም አንዳንዴ ጤነኛውን ፋይል በሽተኛ ብሎ ይሰርዛል። ከመጠን ያለፈ ጥርጣሬ ዋጋ እንዳለው ለማየት ከዚህ የበለጠ መራራ ምሳሌ አልፈልግም።

ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ገደሉ አፋፍ ላይ የተቀመጠችው አንኮበር ደግሞ ሌላ ዓይነት ጥበብ ነበራት። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ (1813–1847 እ.ኤ.አ.) ከጠላት የጠበቃቸው የኮረብታው ቁመትና ቤተ መንግሥቱን የከበበው የእንጨት አጥር ብቻ አልነበረም። ከባሕር ወገን የመጣ እንግዳ ገና ቆላው ላይ፣ ፋሬ አካባቢ ይያዛል፤ ማንነቱ ይጠየቃል፤ ወሬው ለንጉሡ ይደርሳል፤ ፈቃድ ሲመጣ ብቻ በአልዩ አምባ አድርጎ ይወጣል። ለመውጣትም ፈቃድ ያስፈልጋል። የንጉሡ ወንድሞችና ዘመዶች ደግሞ ዙፋን እንዳያስቡ ጎንቾ በተባለው እስር ቤት ተዘግቶባቸው ይኖሩ ነበር። የኮምፒዩተር ሰዎች «ፋየርዎል» የሚሉት ይህንኑ ነው፤ መግቢያው ላይ ቆሞ ማን ይለፍ፣ ማን ይመለስ የሚል ኬላ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዙ ካፒቴን ሃሪስ መልእክተኞቹን አስከትሎ የመጣው በዚህ ኬላ በኩል ነበር። ሥጦታ ይዟል፣ ፈቃድ አግኝቷል፣ ኅዳር ላይም አንጎለላ ውስጥ ውል ተፈርሟል። በአጀቡ ውስጥ ግን የተፈጥሮ ተመራማሪው ሮት፣ ሠዓሊው በርናትዝና ሌሎችም ነበሩ። ያዩትን ጻፉ፣ ሣሉ፣ ለኩ። በ1844 ሃሪስ ለንደን ላይ ስለ ሸዋ ሦስት ቅጽ መጽሐፍ አሳተመ። ከንጉሡ ግምጃ ቤት አንድ ሳንቲም አልጎደለም፤ ሆኖም አገሩ እንዴት እንደሚጠበቅ፣ ንጉሡ ማንን እንደሚያስር፣ መንገዱ በየት እንደሚያልፍ ሁሉ ለንደን ደርሷል። ወሬ ሲሰረቅ እንዲህ ነው። በሬ ሲሰረቅ በረቱ ባዶ ይሆናል፤ ወሬ ሲሰረቅ ግን ዋናው በቦታው እንዳለ ይቀራል፣ ባለቤቱም ደኅና አድሮ ይነሣል። ኮምፒዩተሩ የተበረበረበት ሰው ወራት አልፈው እንኳ ነገሩን የማያውቀው ስለዚህ ነው።

በምኒልክ ጊዜ ይኸው ታሪክ ረቀቅ ብሎ ተደገመ። ማርኪዝ አንቲኖሪ የመራው የኢጣሊያ ጂኦግራፊ ማኅበር ጉዞ እ.ኤ.አ. በ1876 ሸዋ ገባ፤ አንኮበር አጠገብ ሌት ማረፊያ የተባለው ቦታ ለምርምር ጣቢያ ተሰጠው። አንቲኖሪ ወፍና እንስሳ ሲሰበስብ ኖሮ በ1882 እዚያው አረፈ፤ ሰውየውን በክፉ ማንሣት አልፈልግም። ነገር ግን በሳይንስ ስም የተከፈተው በር ለፖለቲካም አገለገለ። በ1879 የመጣው ካውንት አንቶኔሊ ጠመንጃ እያቀረበ የንጉሡን አመኔታ አተረፈ፤ መጨረሻውም ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም የተፈረመው የውጫሌ ውል ሆነ። አንቀጽ 17 በአማርኛው ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚያደርጉት ጉዳይ በኢጣሊያ መጠቀም ይችላሉ ሲል፣ በኢጣሊያንኛው ግዴታ አደረገባቸው። ሆን ተብሎ ነው ወይስ የአስተርጓሚው የግራዝማች ዮሴፍ ስሕተት የሚለው ክርክር ይቆየን። ለእኔ ዋናው ነገር ጥቃቱ አጥር ሰብሮ አለመግባቱ ነው። ባለቤቱ አንብቦ፣ አምኖ፣ ማኅተሙን ያሳረፈበት ወረቀት ሆኖ ገባ። የታወቀውም በውጭ ሰው ነው፤ ምኒልክ ለአውሮፓ ነገሥታት ደብዳቤ ጽፈው በ1890 መልሱ ሲመጣ፣ በኢጣሊያ በኩል ይጻፉልን የሚል ሆኖ ተገኘ።

አሁን ወደ ዘመናችን እንምጣ። ታኅሣሥ 2013 (እ.ኤ.አ.) ቤልጅየምና ዋሽንግተን አካባቢ ለነበሩ የኢሳት ባልደረቦች በስካይፕ ፋይል ተላከ። አንደኛው ለጣቢያው የተላከ ጽሑፍ ይመስል ነበር። ጋዜጠኛ ደግሞ የተላከለትን ጽሑፍ መክፈት እንጀራው ነው። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲትዝን ላብ ፋይሎቹን መርምሮ በየካቲት 2014 እንዳስታወቀው፣ የሚላኖው ሃኪንግ ቲም ኩባንያ የሚሸጠው የስለላ ፕሮግራም ነበሩ። እንዲህ ያለው ፕሮግራም የተመታውን ቁልፍ ይቀዳል፣ ፋይል ይወስዳል፣ ካሜራና ማይክሮፎን ይከፍታል። መልእክትህ በመንገድ ላይ በምስጢር ቁልፍ የታሸገ ቢሆንም አይጠቅምህም፤ አንተ ልታነበው ስትከፍተው እሱም አጠገብህ ቆሞ ያነባል። (ከአንቶኔሊ በኋላ እንደገና ከኢጣሊያ መምጣቱ የታሪክ ቀልድ መሆን አለበት።)

በዋሽንግተን የኢትዮጵያ ኤምባሲ በዚያን ጊዜ አገሪቱ እንዲህ ያለ ዕቃ አልተጠቀመችም ብሎ ነበር። በሐምሌ 2015 ግን የስለላ ቁልፍ ሻጩ ራሱ ተሰረቀ። ወደ 400 ጊጋባይት የሚሆን የሃኪንግ ቲም ሰነድ አደባባይ ወጣ፤ ከደንበኞቹም መካከል የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ ተገኘበት። የሰው በር መስበሪያ ሸጦ የሚኖረው ኩባንያ የራሱ ሠራተኞች የይለፍ ቃል ሕፃን የሚገምተው ዓይነት ነበር። ሁለት ዓመት ቆይቶ ደግሞ ሲትዝን ላብ ሳይበርቢት በተባለው የእስራኤል ኩባንያ ፕሮግራም የተሰለሉ የኦሮሞ ተሟጋቾችን ጉዳይ ሲያወጣ፣ ሰላዮቹ የሥራ መዝገባቸውን በኢንተርኔት ላይ ክፍት ትተውት ስለ ነበር ከዓመት በላይ ተነብቧል።

«ታዲያ ምን እናድርግ?» ለሚለኝ የደብረ ብርሃን ወዳጄ መልሴ አጭር ነው። ከጽሑፍ ቤት ተመላሽ ፍላሽ ሳትመረምር አትክፈት። የተሰነጠቀ ዊንዶውስና የተሰነጠቀ ጸረ ቫይረስ የሰጠህ ሰው ሌላም ነገር ጨምሮ ሰጥቶህ ሊሆን ይችላል። ማሻሻያ ሲመጣ አትግፋው። ለኢሜይልህ ከይለፍ ቃሉ ሌላ ሁለተኛ ማረጋገጫ ጨምር። የሥራህን ቅጂ ከኮምፒዩተሩ ተነቅሎ በሚቀመጥ ዕቃ ላይ ያዝ። ይህ ሁሉ ተራውን ሌባ ይመልሳል፤ ቅጂውም ከመጥፋት ያድናል፣ ከመቀዳት ግን አያድንም። መንግሥት ገንዘብ አፍስሶ የሚፈልገው ሰው ከሆንክ ደግሞ ሌላ ነገር ነው።

ለዚያ ሕግ አለ ይባል ይሆናል። በአሜሪካ ሜሪላንድ የሚኖር፣ ዜግነቱም አሜሪካዊ የሆነ አንድ የአገራችን ሰው ሞክሮታል። በ2012 መጨረሻ ቤተሰቡ ሁሉ የሚጠቀምበት ኮምፒዩተር ፊንስፓይ በተባለ ፕሮግራም ተይዞ የስካይፕ ንግግሩ ለወራት ተቀድቷል። በኢሜይል ተያይዞ የመጣ የወርድ ሰነድ ነበር በሩ። በ2014 «ኪዳኔ» በሚል የመዝገብ ስም የኢትዮጵያን መንግሥት ከሰሰ። መጋቢት 2017 የዋሽንግተኑ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ክሱን ሳይቀበል ቀረ፤ ጥፋቱ በሙሉ አሜሪካ ውስጥ አልተፈጸመም፣ ፕሮግራሙ የታሰበውና የተላከው ከውጭ ነው የሚል ምክንያት ሰጠ። ኮምፒዩተሩ የተቀመጠው ግን ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሰውየው ሳሎን ነበር።