መንገዱ ስንት ቀን ነው?

ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን ስንት ቀን ያስኬዳል? ይህን የጠየቀችኝ እናቴ ናት። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ታናሽ እህቴን ከቦሌ ሸኝተን ስንመለስ ነበር።

«ነገ ጠዋት ትገባለች» አልኋት።

«እንግዲያማ ቅርብ ነው» አለችና ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ዝም አለች።

በእርግጥም ከቀደምቶቻችን ዘመን ጋር ሲነጻጸር ቅርብ ነው። በ1896 ዓ.ም. አሜሪካዊው መልእክተኛ ሮበርት ስኪነር ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ሊዋዋል ሲመጣ የባቡሩ ሐዲድ ከድሬዳዋ አላለፈም ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለውን መንገድ ከአጃቢዎቹ ጋር በበቅሎና በግመል ቅፍለት ተጉዞ ታኅሣሥ ላይ አዲስ አበባ ገባ፤ ውሉም በዚያው ወር ተፈረመ። በ1911 ዓ.ም. ደግሞ ደጃዝማች ናደው፣ ከንቲባ ገብሩ ደስታና ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ያሉበት የኢትዮጵያ ልዑክ ወደ አሜሪካ ተሻገረ። ባቡሩ አዲስ አበባ ከገባ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ቢሆንም ከጅቡቲ ወዲያ ያለው ባሕር ነው፤ ባሕሩም የሳምንታት መንገድ ነው። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራውን በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። ያም ሆኖ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በግንቦት 1946 ዓ.ም. አሜሪካን ሲጎበኙ አትላንቲክን የተሻገሩት በመርከብ ነበር።

ዛሬ ይህ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ርቀት በአንድ ሌሊት ያልቃል። ነገር ግን መሄጃውና መመለሻው እኩል አይደለም። ከዋሽንግተን የሚነሣው አውሮፕላን የትም ሳያርፍ በ13 ሰዓት ገደማ ቦሌ ይደርሳል፤ ከቦሌ የሚነሣው ግን መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ስለሚሞላ ከ16 ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ስስ በመሆኑ ሞተሩም ክንፉም ጉልበት ያንሳቸዋል፤ አውሮፕላኑም የሩቁን መንገድ ነዳጅ ሁሉ ተሸክሞ መነሣት ይከብደዋል። በዚያ ላይ በሰማዩ ከፍታ የሚነፍሰው ብርቱ ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ነውና ሄያጁን ይጋፋል፣ ተመላሹን ያግዛል። አገሬ መውጣቱን ታከብዳለች፤ መመለሱን ታቀላለች።

እህቴ ግን በዚያ በአጭሩ መንገድ እስካሁን አልተመለሰችም። የመኖሪያ ወረቀቷ አላለቀም፤ ከወጣች መግቢያ የላትም። የምትልከው ገንዘብ እኛ ዘንድ በደቂቃዎች ይደርሳል። እርሷ ግን ዘጠኝ ዓመት ሆናት።

አምና እናቴ ሄዳ ልታያት ተነሣች። በምሠራበት ባንክ ለቪዛ የሚሆን የሒሳብ መግለጫ በየቀኑ አትሜ እሰጣለሁ፤ የእናቴን ግን የሥጋ ዘመዴ ናትና ባልደረባዬ ፈረመበት። ቪዛውን አላገኘችም።

ያን ዕለት ስኪነር ትዝ አለኝ። እርሱ አንድ ወረቀት ለማስፈረም በረሃ አቋረጠ። ዛሬ በረሃውም ባሕሩም በአንድ ሌሊት ይታለፋሉ፤ የማይታለፈው ወረቀቱ ሆኗል።

እናቴ አሁንም አልፎ አልፎ ትጠይቀኛለች።

«መምጫው ስንት ሰዓት ነበር ያልኸኝ?»

«አሥራ ሦስት» እላታለሁ።